ባንዱ ስለታየ ፕሮቲኑ ታየ ማለት ነውን?

ይህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ባለ አንድ የሥልጠና አዳራሽ ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና ለባዮሎጂ መምህራን በቃል ያቀረብሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች የተደጋገመውን አውጥቼ፣ በጥያቄና መልሱ ጊዜ ከተነሡት ጉዳዮች አንዳንዶቹን በየቦታቸው አስገብቻለሁ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

በእጄ የያዝኋት ቱቦ ጣት አታህልም። በውስጧ ያለው አንድን ፕሮቲን ለይቶ እንዲጣበቅበት የተሠራ አንቲቦዲ ነው፤ የፈሳሹ መጠን 100 ማይክሮሊትር ነው፤ ሁለት ጠብታ ቢወጣው ነው። ለእነዚህ ሁለት ጠብታዎች በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ተከፍሏል፤ የውጭ ምንዛሪው እስኪፈቀድ፣ ዕቃው ቦሌ ደርሶ ከጉምሩክ እስኪወጣ፣ ከዚያም እስከዚህ የከተማ ዳርቻ ድረስ እስኪደርስ የጠበቅነውን ጊዜ ሳልቆጥር ማለቴ ነው። መመሪያው እንደሚለው አንዱን እጅ በሺህ ብናቀጥነው 100 ሚሊሊትር ይሆናል፤ ለአንድ ሙከራ 10 ሚሊሊትር ካዋልን አሥር ሙከራ ሠርተን አለቀ። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የኪስም ጥያቄ ነው፦ ይህች ቱቦ አውቀዋለሁ የምትለውን ፕሮቲን በእርግጥ ታውቀዋለች ወይ? ማወቋንስ እኛ በምን እናረጋግጣለን?

ፕሮቲኑ የሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ አንደኛ ንዑስ ክፍል ነው። የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ለማያስታውሱት በአጭሩ ልናገር። የምንበላው እንጀራ ተፈጭቶና ተበታትኖ ሲያበቃ የመጨረሻው ሒሳብ የሚወራረደው ኃይል የሚመረትበት የሕዋስ ክፍል በሆነው በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው። በዚያ ሽፋን ላይ አምስት ትላልቅ የፕሮቲን ጥምረቶች ተተክለዋል፤ ከኮምፕሌክስ 1 እስከ ኮምፕሌክስ 5 ብለን እንጠራቸዋለን፤ በአንድነት ሲሠሩም የትንፈሳ ሰንሰለት እንላቸዋለን። አንደኛውና ሁለተኛው ከምግብ የተገኙትን ኤሌክትሮኖች ይቀበላሉ፤ ሦስተኛው ያሻግራል፤ አራተኛው ለኦክስጅን አስረክቦ ውኃ ያደርገዋል። በዚህ ቅብብል መካከል አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ወዲያ እየገፉ ያጠራቅማሉ፤ አምስተኛው ደግሞ የተጠራቀሙት ፕሮቶኖች ተመልሰው ሲወርዱ እንደ ውኃ ወፍጮ እየተሽከረከረ ሕዋሱ ለኃይል የሚጠቀምበትን ኤቲፒ ይሠራል። ፒተር ሚቼል ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርበው ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 ግን የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

የእኛ ፕሮቲን የአራተኛው ጥምረት እምብርት ነው። 513 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሽፋኑን 12 ጊዜ እየበሳ ይመላለሳል፤ ብረት የያዙ ሁለት ሄሞችንና አንድ የመዳብ አቶም አቅፎ ይይዛል፤ ኦክስጅን ገብቶ ውኃ ሆኖ የሚወጣው በእርሱ ውስጥ ነው። ሳያናይድ ሰውን የሚገድለውም እዚያው ኪስ ውስጥ ገብቶ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፦ ይህን ፕሮቲን በአጭሩ «ኮክስ አንድ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አለ፤ እርሱም አስፕሪን የሚያግደው ሳይክሎኦክሲጅኔዝ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ነው፤ ነገር ግን ካታሎግ ከፍቶ በችኮላ ያዘዘ ሰው ስድስት ወር ጠብቆ የሌላውን አንቲቦዲ ሲቀበል አይቻለሁ። በትእዛዝ ወረቀታችሁ ላይ «ኤም-ቲ-ሲ-ኦ-1» የሚለውን ሙሉ ስም ጻፉ፤ «ኤም-ቲ» የሚሉት ሁለት ፊደላት የማይቶኮንድሪያ መሆኑን ይናገራሉ።

እነዚህ ሁለት ፊደላት የዛሬው ንግግሬ ማጠንጠኛም ናቸው። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ከእናት ብቻ የሚወረስ፣ በሰው ዘንድ 16,569 ጥንድ ፊደላት ያሉት ክብ ነገር ነው፤ ሙሉ ንባቡም እ.ኤ.አ. በ1981 ታትሟል። ከ37ቱ ጂኖቹ ፕሮቲን የሚሆኑት 13 ብቻ ናቸው፤ 13ቱም የትንፈሳ ሰንሰለት ክፍሎች ናቸው። ሰባቱ ለኮምፕሌክስ 1፣ አንዱ ለኮምፕሌክስ 3፣ ሦስቱ ለኮምፕሌክስ 4፣ ሁለቱ ለኮምፕሌክስ 5 ይሆናሉ። ኮምፕሌክስ 2 ግን ምንም አይደርሰውም፤ አራቱም ንዑስ ክፍሎቹ ከሕዋሱ ኑክሊየስ በሚመጣ ትእዛዝ የተሠሩ ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንቲቦዲው ራሱ እንዴት እንደሚገኝ ብዙ አልዘገይበትም። ጥንቸል ወይም አይጥ ፕሮቲኑን ወይም የፕሮቲኑን ቁራጭ ትወጋለች፤ ሰውነቷ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚጣበቅበትን አንቲቦዲ ያመርታል። ከጥንቸሏ ደም የሚገኘው ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ የተቀላቀለበት ስለሆነ ጥንቸሏ ስትሞት አብሮ ያልቃል፤ ቀጣይዋ ጥንቸል ደግሞ የራሷን ቅልቅል ትሰጣለች። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አንቲቦዲ አምራቹን የአይጥ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው የማይሞት የአንድ ዓይነት አንቲቦዲ ምንጭ አገኙ፤ በ1984ም ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ ደግሞ የአንቲቦዲው የዘረመል ንባብ ተጽፎ ስለሚቀመጥ እንስሳም ሆነ የተዋሐደ ሕዋስ ሳያስፈልግ በፈለጉት ጊዜ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ማምረት ይቻላል። እኔ ምርጫው ካለኝ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የዛሬ ሦስት ዓመት የገዛሁትና ዛሬ የምገዛው አንድ ካልሆነ ያለፈውን ሥራዬን ከአሁኑ ጋር ማስተያየት አልችልም።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ እንምጣ፤ ከራሴ ልጀምር።

ይህን አንቲቦዲ መጀመሪያ የተጠቀምሁበት ጊዜ የበሬ ልብ ናሙና አዘጋጅቼ፣ ሁላችሁም እንደምታደርጉት ከሳሙናው መፍትሔ ጋር ቀላቅዬ፣ 95 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ አቆየሁት። በነገራችን ላይ በእኛ ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ማሞቂያውን 95 ላይ የሚያደርግ ሰው የቱቦዎቹ ክዳን ብድግ ብድግ ሲሉበት ይውላል፤ መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ፕሮቲኖቹን በየክብደታቸው የሚለየውን ጄል አስኬድሁ፣ የተለዩትን ወረቀት ወደሚመስለው ስስ ሜምብሬን አሻገርሁ፣ አንቲቦዲውን አፈሰስሁ፤ ባንድ፣ ማለትም አንቲቦዲው በተጣበቀበት ቦታ የሚወጣው ጥቁር መስመር፣ አልታየም። ደግሜ ሠራሁ፤ አሁንም የለም። ልብ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ የሞላበት ሥጋ ነው፤ በዚያ ከታጣ የትም የለም። አንቲቦዲው በመንገድ ተበላሽቷል ብዬ ለአቅራቢው የተቆጣ ደብዳቤ ጻፍሁ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ሽፋኑን 12 ጊዜ የሚበሳ ፕሮቲን ውኃ የሚጠላ፣ ቅባት የሚወድ ነገር ነው። ሲፈላ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጎላል፤ የተጓጎለው ደግሞ ወደ ጄሉ መግባት አቅቶት ከበሩ ላይ ይቀራል። ሌሎቹን ፕሮቲኖች የምናፈላበት ልማድ ለዚህኛው ጠላቱ ነው። ናሙናውን በ37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አሙቄ ስመለስ ባንዱ ወለል ብሎ ወጣ። ደብዳቤውን በይቅርታ መሻር አስፈለገኝ። ነገሩን እስካውቀው ድረስ ከአሥሩ ሙከራ አራቱን አባክኜ ነበር።

ባንዱ ከወጣም በኋላ ሁለተኛ ወጥመድ ነበረው። ከአሚኖ አሲዶቹ ቁጥር ተነሥተን ብናሰላ የፕሮቲኑ ክብደት 57 ኪሎዳልተን ነው። ባንዱ የታየው ግን ከ40 በታች ነበር። እንዲህ ያሉ ቅባት ወዳድ ፕሮቲኖች ሳሙናውን ከሌሎች ይልቅ አብዝተው ስለሚይዙና ሙሉ በሙሉ ስለማይዘረጉ በጄሉ ውስጥ ፈጥነው ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ከክብደታቸው በታች ቀልለው ይታያሉ። 57 ላይ ባንድ ሲፈልግ የቆየ ሰው ትክክለኛውን ባንድ «ይህ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ይጥለውና 55 አካባቢ የታየውን ሐሰተኛ ባንድ ይይዛል። ከሁሉም የሚያሳስተው አምስቱን ጥምረቶች በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የአንቲቦዲ ቅልቅል ነው፤ በእርሱ ውስጥ 55 ላይ የሚታየው የኮምፕሌክስ 5 አልፋ ንዑስ ክፍል ነውና፣ ሳያውቅ የቆጠረ ሰው የአምስተኛውን ባንድ ለአራተኛው ሰጥቶ ጽሑፍ ያሳትማል።

ሽማግሌዎቻችን ስለ ሌባሻይ ያወሩልን ነበር። ሌባ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስ ይታጠናል፤ ከዚያም ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ከሄደ ሄዶ ከአንዱ ደጅ ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ልጁ መውደቁ እውነት ነው፤ ደጁም እውነተኛ ደጅ ነው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ልጁ ሌባውን በምን ያውቀዋል የሚለው ነበር። በሜምብሬኑ ላይ ጥቁር መስመር ሲወጣ፣ መስመሩ እውነተኛ መስመር መሆኑ ብቻ በቂ መስሎን ከምንረካ ሰዎች የሌባሻዩ ዳኛ ብዙም አይለይም።

ይህ የእኛ የድህነት ጣጣ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመቶ በላይ ባለሙያዎች ተፈራርመው ለምርምር የሚሸጡ አንቲቦዲዎች ደረጃ ይውጣላቸው ሲሉ በአደባባይ ጠይቀዋል። በ2023 የታተመና በካናዳ ተመራማሪዎች የተመራ ሰፊ ፍተሻ ደግሞ ለ65 ፕሮቲኖች የተሠሩ 614 አንቲቦዲዎችን ጎን ለጎን ፈትሿል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ የአጠቃቀም ዓይነት ወድቀዋል። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች ፕሮቲኑን በማያውቅ አንቲቦዲ የተገኘ ውጤት ይዘው ተገኝተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው መብራት በማይጠፋባቸው ላብራቶሪዎች ነው።

ታዲያ እንዴት ይፈተናል? በዚያ ሰፊ ፍተሻ የተመረጠው መንገድ ግልጽና ጠንካራ ነው፦ የፕሮቲኑን ጂን ከሕዋሱ ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያም ጂኑ ያለውንና የሌለውን ሕዋስ ጎን ለጎን ማሳየት ነው። አንቲቦዲው እውነተኛ ከሆነ ጂኑ በሌለበት ባንዱ ይጠፋል። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ የእኛ ፕሮቲን ጂን ያለው በኑክሊየስ ሳይሆን በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ውስጥ ነው። ክሪስፐር የተባለው መቁረጫ የሚሠራው መሪ አር-ኤን-ኤ ተከትሎ ነው፤ ይህ መሪ ደግሞ ወደ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ቅጂ ስላለው አንዱን መቁረጥ ምንም አይደለም። ጂኑን አውጥቶ ምልክት ለጥፎበት በሌላ ሕዋስ ማሠራትም ቀላል አይደለም፤ ማይቶኮንድሪያ አንዳንድ የዘረመል ቃላትን ከሕዋሱ በተለየ ትርጉም ያነባልና፣ ሌላው ሕዋስ «ቁም» ብሎ የሚያነበውን እርሱ «ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ጨምር» ይለዋል። በመሆኑም ለአብዛኛው ፕሮቲን የሚሠራው ፈተና ለእነዚህ ለ13ቱ አይመችም። ባለ ካታሎጎቹ «በጂን ማውጣት የተረጋገጠ» የሚለውን ማኅተም በሌሎቹ ላይ እያተሙ እነዚህን በዝምታ የሚያልፏቸው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ጂኑን ለብቻ ማውጣት ሳይሆን የማይቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ በሙሉ ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኪንግና አታርዲ የሰው ሕዋሳትን በጥቂት ኢቲዲየም ብሮማይድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እያሳደጉ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሌላቸው ሕዋሳት አገኙ፤ «ሮ ዜሮ» ይባላሉ። ኢቲዲየም ብሮማይድ ማለት በየፒሲአር ክፍላችን ጄል የምናቀልምበት ያው መርዛም ቀለም ነው። ሕዋሳቱ ያለ ትንፈሳ ሰንሰለት ስለሚኖሩ ዩሪዲንና ፓይሩቬት ካልተጨመረላቸው ይሞታሉ። በእነርሱ ላይ የእኛ አንቲቦዲ ባንድ ካሳየ ውሸታም ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ሮ ዜሮ ሕዋስ ማሳደግ ወራት ይፈጃል። ሕዋስ ማሳደጊያ ላላቸው ነገር ግን ወራት ለሌላቸው አጠር ያለ መንገድ አለ፤ እርሱም በየመድኃኒት ቤቱ ስሙ የሚታወቀው ክሎራምፊኒኮል ነው። የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን መሥሪያ ከባክቴሪያ ጋር ዝምድና ስላለው ባክቴሪያን የሚያግድ መድኃኒት እርሱንም ያግደዋል። ሕዋሳቱን ለአራት አምስት ቀን በክሎራምፊኒኮል ብታሳድጓቸው አሮጌው ፕሮቲን ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር እየተካፈለ ይሳሳል፤ አዲስ አይተካም። የአንደኛው ንዑስ ክፍል ባንድ እየደበዘዘ ሲሄድ፣ ከኑክሊየስ በሚመጣ ትእዛዝ የሚሠራው የኮምፕሌክስ 2 ትልቁ ክፍል፣ ማለትም 70 ኪሎዳልተን ላይ የሚታየው «ኤስ-ዲ-ኤች-ኤ»፣ እንዳለ ይቆያል። አንዱ ወድቆ ሌላው ሲቆም ያየ ሰው አንቲቦዲው የሚያወራውን እንደሚያውቅ ያምናል። ሁለቱም አብረው ቢወድቁ ግን የቀነሰው ፕሮቲኑ ሳይሆን ማይቶኮንድሪያው በጠቅላላ ነው፤ ለዚህ ነው ከማይቶኮንድሪያ ውጭ የሚገኘውን አክቲን የተባለ ፕሮቲን ብቻ ማነጻጸሪያ አድርጎ መጻፍ አይበቃም የምለው።

ሕዋስ ማሳደጊያስ የሌለን? ብዙዎቻችሁ ይህን እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እኛም አልነበረንም። መልሱን ያገኘነው ከቄራ ነው። የበሬ ልብ ለዚህ ሳይንስ ባለውለታ ነው፤ የጃፓኑ የዮሺካዋ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 የዚህን ኢንዛይም ሙሉ 13 ንዑስ ክፍሎች ቅርጽ ያሳየው ከበሬ ልብ በተገኘ ክሪስታል ነው። ስለዚህ ልቡ «ፕሮቲኑ መኖር ያለበት» ናሙናችን ነው። «መኖር የሌለበት» ናሙናችን ደግሞ ከዚያው ከበሬው ይገኛል፦ ደሙ። የበሰለ የአጥቢ እንስሳ ቀይ የደም ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ የለውም። ደሙን እንዳይረጋ አድርጋችሁ ተቀብላችሁ፣ በማሽከርከሪያ አሽከርክራችሁ፣ ነጮቹና ፕሌትሌቶቹ ያሉበትን የላይኛውን ስስ ሽፋን በጥንቃቄ አንሥታችሁ፣ ቀዩን ደጋግማችሁ ብታጥቡት ጥሩ ባዶ ምስክር ይሆናችኋል። የዶሮ ደም ግን አይሆንም፤ የአዕዋፍ ቀይ የደም ሕዋስ ኑክሊየስም ማይቶኮንድሪያም አለው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ እናፈስሳለን፤ ባንዱን በብርሃን የሚያሳየን በእርሱ ላይ የተለጠፈው ፔሮክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሄሞግሎቢን በውስጡ ያለው ሄም ደግሞ እንደ ፔሮክሲዴዝ መሥራት ስለሚችል ያለ አንዳች አንቲቦዲ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። በ16 ወይም በ32 ኪሎዳልተን አካባቢ ባንድ ብታዩ አትደንግጡ፤ ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ ያፈሰሳችሁበት ሌላ ሜምብሬን ካላችሁ ምንጩን ወዲያው ትለዩታላችሁ።

በሬን ያነሣሁት ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ይህ ፕሮቲን በሰውና በከብት መካከል እጅግ የተመሳሰለ ስለሆነ ለሰው የተሠራው አንቲቦዲ አብዛኛውን ጊዜ ለበሬም ይሠራል፤ ይህም ለእንስሳት ሐኪሞቻችን መልካም ዜና ነው። ችግር የሚመጣው ከአይጥ የተገኘ አንቲቦዲ በአይጥ ሥጋ ላይ ስንጠቀም ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ የአይጥን አንቲቦዲ እንዲይዝ የተሠራ ነውና በሥጋው ውስጥ ያለውን የአይጧን የራሷን አንቲቦዲ ጭምር ይይዛል፤ 50ና 25 ላይ ሁለት ወፋፍራም ባንዶች ይወጣሉ። አንድ ወጣት ባልደረባችን እነዚህን ሁለት ባንዶች ሁለት አዳዲስ የፕሮቲን ዓይነቶች ናቸው ብሎ ለመጻፍ ተነሥቶ ነበር። ሥጋውን ከመፍጨታችን በፊት ደሙን በሚገባ አጥበን ስንደግመው ሁለቱም ደበዘዙ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሕመምተኛ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። በከተማችን በሌላኛው ጫፍ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳን በማከም ይታወቃል። በዓለም ዙሪያ ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ሊኔዞሊድ ነው። እርሱም የባክቴሪያን ፕሮቲን መሥሪያ የሚያግድ ነውና እንደ ክሎራምፊኒኮል ሁሉ የማይቶኮንድሪያውንም ይነካል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝ፣ የዓይን ነርቭ ጉዳት የሚያስከትለው በአመዛኙ በዚሁ ምክንያት ነው። ከታካሚ ደም ከተለዩ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የአንደኛውን ንዑስ ክፍልና የኤስ-ዲ-ኤች-ኤን መጠን እያነጻጸሩ የጉዳቱን አካሄድ መከታተል ይቻላል፤ አዳዲስ መድኃኒቶችን ገና በሕዋስ ደረጃ ሳሉ የሚፈትኑትም በዚሁ ንጽጽር ነው። እንግዲህ ከባንዱ ተነሥተን «መድኃኒቱ ይቀነስ» የምንልበት ቀን ቢመጣ ባንዱ የማን እንደሆነ ሳናውቅ እንዴት እንናገራለን?

ነገር ግን ባንዱ የፕሮቲኑ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ አንቲቦዲው የማይነግረን ነገር አለ። በአገራችን ብቻ የሚበቅለውን ብርብራን ታውቁታላችሁ። ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ውኃው ላይ ሲበትኑት ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ሮቴኖን ነው፤ ሮቴኖን በኮምፕሌክስ 1 ኤሌክትሮን ማሳለፊያ በር ላይ ገብቶ ይቆልፈዋል። የደነዘዘውን ዓሣ ሥጋ ወስዳችሁ በኮምፕሌክስ 1 አንቲቦዲ ብትመረምሩት ባንዱ ከጤነኛው አይለይም፤ ፕሮቲኑ እንዳለ አለና። መሥራት ያቆመውን ፕሮቲን አንቲቦዲው «አለ» ይላል እንጂ «አይሠራም» አይልም። የመሥሪያ ቤት መቆጣጠሪያ ላይ የፈረመ ሁሉ ሥራ ላይ ነው እንደማለት ነው። ስለዚህ የኦክስጅን ፍጆታን ወይም የኢንዛይሙን ፍጥነት የሚለካ ሙከራ ከአንቲቦዲው ጎን መቆም አለበት። ኮምፕሌክስ 4 ኤሌክትሮን አመላላሽ ከሆነው ከሳይቶክሮም ሲ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ቀለሙን ሲለውጠው በተራ ስፔክትሮፎቶሜትር በ550 ናኖሜትር መከታተል ይቻላል፤ መሣሪያው በየኮሌጁ አለ። መጠኑ ሙሉ ሆኖ ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ የታገደ ኢንዛይም፣ ሁለቱም አብረው ከወረዱ የጎደለ ኢንዛይም አላችሁ። እኔ በበኩሌ ብዙ ጽሑፎች «የኮምፕሌክስ 4 ሥራ ቀነሰ» ብለው ባንድ ብቻ ሲያሳዩ ሳይ እቆጣለሁ።

ስለ አያያዝ በአጭሩ፦ ከተማው ዳር ያለን ሰዎች መብራቱ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚቆይ አናውቅም። አንቲቦዲን ከሙቀት ይልቅ የሚጎዳው ደጋግሞ መርጋትና መቅለጥ ነው። ቱቦው እንደመጣ በ10 በ10 ማይክሮሊትር አከፋፍሉት፤ ግማሹ ግሊሰሮል የሆነ ከሆነ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንኳ አይረጋምና ከዚህ ጣጣ ይድናል። በራሱ በረዶ የሚያራግፍ ማቀዝቀዣ አትምረጡ፤ በየጊዜው ስለሚሞቅ መብራት ሳይጠፋ መብራት እንደጠፋ ያህል ነው። የቱቦውን የምርት ተራ ቁጥር በደብተር ጻፉ። ሜምብሬኑን ለመሸፈን ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ተጠቀሙ፤ ከሱቅ የሚገዛው ቅባት ያለው ለቡና ይጣፍጣል እንጂ ሜምብሬኑን ያጠቁረዋል።

በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ያቀረበችልኝን ጥያቄ ላንሣ። «የተቀጠነውን አንቲቦዲ ከተጠቀምን በኋላ ሳንደፋው ደግመን መጠቀም እንችላለን ወይ? እንዳይበሰብስስ ምን እንጨምርበት?» ብላ ነበር የጠየቀችው። ይቻላል፤ ለሙከራ እንጂ ለንጽጽር መለኪያ ባይሆን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ዙር ኃይሉ ይቀንሳል። እንዳይበሰብስ የሚጨመረው 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዋናው ቱቦም ውስጥ ከፋብሪካው ጀምሮ አለ። ነገር ግን አዛይድ የሁለተኛውን አንቲቦዲ ፔሮክሲዴዝ ስለሚያግድ ሜምብሬኑን ከመካከል በሚገባ ሳታጥቡ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ ባንዱ የጠፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሕይወት ባላቸው ሕዋሳት ላይም አታፍስሱት። አዛይድ የሚገድለው የትኛውን ኢንዛይም እንደሆነ ጠይቃኝ ስነግራት አዳራሹ ሳቀ፤ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝን ነው፤ ያውም እዚያው ሳያናይድ በሚገባበት ኪስ ውስጥ ገብቶ።